ሳሙናውን ከመግዛትዎ በፊት ውሃውን ይጠይቁ

የሰሐን ማጠቢያ ማሽን በአገራችን የቅንጦት ዕቃ ተደርጎ መታየቱ ገና አልቀረም። ይሁንና ትልልቅ ሆቴሎች፣ የድግስ አዳራሾችና ደንበኛ የሚበዛባቸው ካፌዎች ማሽኑን ካስገቡ ቆይተዋል። በየአፓርታማው የሚገቡ ቤተሰቦችም ኩሽናቸውን ሲያሠሩ ለማሽኑ ቦታ ማስተው ጀምረዋል። ማሽኑ ሲመጣ ሳሙናው አብሮ ይመጣል። ሳሙናው ሲመጣ ደግሞ አስመጪው፣ ጅምላ ሻጩ፣ ደላላውና ቸርቻሪው ይከተላሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የወጥ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም፤ የገበያ ጉዳይ ነው።

በዚህ ገበያ ውስጥ አንድ ዓይነት አቤቱታ ደጋግሞ ይሰማል። «ብርጭቆው ከማሽኑ ሲወጣ ነጭ ጉም ለብሶ ይወጣል» የሚል ነው። ገዢው ሳሙናው ፎርጅድ ነው ይላል። ሳሙና ሻጩ ማሽኑ ነው የተበላሸው ይላል። ማሽን ሻጩ በበኩሉ ጥፋቱን መልሶ በሳሙናው ላይ ይጥላል። ገንዘቡ የጠፋበት ገዢ ሌላ ካርቶን ይሞክራል፤ እሱም ያንኑ ያመጣል። በመጨረሻ ማሽኑ ጥግ ይያዝና ሰሐኑ ወደ ሳፋው ይመለሳል።

አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የዚህ ነገር ሥሩ ያለው እዚያው ተረቱ ውስጥ ነው፤ ውሃው ነው። የእኛ አቋም ይህ ነው። የማሽን ሳሙና በካርቶኑ ውበት፣ በመጣበት አገርና በኪሎ ዋጋው መመረጡ መቅረት አለበት። መመረጥ ያለበት በሚታጠብበት ውሃና በሚገባበት ማሽን ነው። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ደንበኛ ያተርፋል፤ የማያውቅ ግን ጥሩ ዕቃ አስመጥቶም ስሙን ያበላሻል።

ነጩ ነገር ምንድን ነው?

ብርጭቆ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት ዓይነት ነው፤ የሁለቱም መድኃኒት ፍጹም ተቃራኒ ነው።

የመጀመሪያው ኖራ ነው። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይመጣል። ይህ ውሃ ሲሞቅና ከሳሙናው ሶዳ ጋር ሲገናኝ የያዘውን ኖራ ይጥላል። ኖራው ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል፤ የውሃው ጠብታ ሲደርቅም ክብ ነጠብጣብ ይተዋል። በጀበናና በማንቆርቆሪያ ሆድ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የብርጭቆው የራሱ መበላት ነው። ውሃው እጅግ ለስላሳ ሆኖ ሳሙናው ሲበዛና ሙቀቱ ሲጨምር፣ ኃይለኛው ሶዳ የሚይዘው ኖራ ያጣና የመስተዋቱን ገጽ ይበላል። መጀመሪያ እንደ ቀስተ ደመና ያብለጨልጫል፤ ኋላ ጉም ይለብሳል። ይህ ቆሻሻ ሳይሆን ቁስል ነው፤ ታጥቦም አይድንም።

ሁለቱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጉም በለበሰው ብርጭቆ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ማሸት ነው። ጉሙ ከለቀቀ ኖራ ነው፤ ውሃው ይታከማል ወይም ሳሙናው ይለወጣል። ካልለቀቀ ብርጭቆው ተበልቷል፤ የሳሙናው መጠንና ሙቀቱ ይቀነሳል እንጂ ሌላ ኃይለኛ ሳሙና አይጨመርበትም። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ብርጭቆው እየተበላ ሳለ «አልጠራልኝም» ብሎ ሳሙናውን ያበዛል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይህ ነው።

ውሃው ከየት ነው?

የውሃ ጥንካሬ ይለካል። መለኪያው በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊግራም የኖራ ድንጋይ (ካልሲየም ካርቦኔት) አለ የሚለው ነው። በብዙ ቦታ በሚሠራበት ምደባ እስከ 60 ሚሊግራም ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። የአውሮፓ ማሽኖችና ሳሙናዎች መመሪያ ግን ብዙውን ጊዜ በጀርመን ዲግሪ ነው የሚጻፈው። አንድ የጀርመን ዲግሪ ወደ 18 ሚሊግራም ይጠጋል። ይህችን ቁጥር የያዘ ነጋዴ የማንኛውንም ካርቶን ጽሑፍ ወደሚያውቀው ልክ መልሶ ማንበብ ይችላል።

እኛ አገር ውሃው ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የከተማዋ ሰው በማንቆርቆሪያው ታች የሚጋገረውን ቅርፊት አሳምሮ ያውቀዋል። መቀሌና አካባቢዋም እንዲሁ የኖራ ድንጋይ አገር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ የተደባለቀ ነው። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የዝናብና የወንዝ ውሃ በአመዛኙ ለስላሳ ሲሆን፣ ከአቃቂና ከሌሎች ጉድጓዶች የሚወጣው ከእሱ የጠነከረ ማዕድን ይይዛል። የራሱን ጉድጓድ ያስቆፈረ ሆቴል ደግሞ ከጎረቤቱ የተለየ ውሃ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ «ይህ ሳሙና አዲስ አበባ ላይ ይሠራል» የሚለው የደላላ ቃል ትርጉም የለውም። በየትኛው ሠፈር፣ በየትኛው ቧንቧ ነው የሚሠራው?

ከዱባይ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ይህን ልብ ሊል ይገባል። ዱባይ በቧንቧ የሚፈሰው በአብዛኛው ከባሕር ተወስዶ ጨው የተለየለት ውሃ ነው። እዚያ ያለ ዘመድ ቤት ተሞክሮ ብርጭቆ ያንጸባረቀ ታብሌት ድሬዳዋ ሲገባ ሌላ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። ዕቃው አልተለወጠም፤ ውሃው ነው የተለወጠው።

ለመለካት የወረቀት መመርመሪያ አለ፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀለሙን ማየት ነው። እሱ ከጠፋ ክዳን ያለው ጠርሙስ በግማሽ ውሃ ይሞላና ጥቂት የተፋቀ ደረቅ ሳሙና ተጨምሮበት ይናጣል። ቶሎ ብዙ አረፋ ካወጣ ውሃው ለስላሳ ነው። አረፋው ጠፍቶ እንደ አይብ የተቆራረጠ ነገር ከተንሳፈፈ ኖራው ብዙ ነው። ለአንድ ኮንቴይነር ዕቃ ከመፈረም በፊት ይህን ማድረግ አያሳፍርም።

ማሽኑስ የማን ነው?

ከውሃው ቀጥሎ የሚጠየቀው ማሽኑ ነው። እዚህ ላይ ገበያው ሁለት የማይገናኙ ዕቃዎችን በአንድ መደርደሪያ ላይ ደባልቆ ይሸጣል።

የቤት ማሽን አንድ ዙር ለመጨረስ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ውሃው ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ይሞቃል። ታብሌቱ ለመሟሟት፣ ኢንዛይሙም ለመሥራት ጊዜ አለው። የሆቴሉ ማሽን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሰሐኑን በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያጥባል፤ ከዚያም ከ82 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ ያለቀልቃል። በዚህ ፍጥነት ታብሌት ሟሟ ማለት ዘበት ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ፈሳሽ ሲሆን፣ ከጀሪካኑ በመጣኝ ፓምፕ እየተሳበ ይገባል። የቤት ታብሌት ለሆቴል ማሽን የሸጠ ነጋዴ ገንዘብ አቃጥሏል። የሆቴሉን ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ ገልብጦ ለቤት የሸጠው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ያ ፈሳሽ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ሕፃን ከጠጣው ጉሮሮ ይበላል።

የቤት ማሽኖችም አንድ አይደሉም። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በሆዳቸው ውሃ ማለስለሻ አላቸው። ከታች የጨው ጎድጓዳ ይታያል። ጨው ተሞልቶ ማሽኑ በውሃው ልክ ሲስተካከል ኖራውን ያስቀራል። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት ግን በብዛት ይህ የላቸውም። በዚያ ላይ በ120 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ከአሜሪካ ሲመለሱ ማሽናቸውን በኮንቴይነር ጭነው የሚመጡ ወገኖቻችን ትራንስፎርመር መግዛት እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ የጨው ቦታ እንደሌለው ግን የሚያዩት ብርጭቆው ሲጠቁር፣ ይቅርታ፣ ሲነጣ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ኖራ የሚይዝ ቅመም በብዛት ያለበት ሳሙና ይመረጣል፤ ወይም ለቤቱ በሙሉ ማለስለሻ ይተከላል።

«ሁሉን በአንድ የያዘ» የሚባለው ታብሌትም ገደብ አለው። ብዙ አምራቾች ራሳቸው ያለ ጨው የሚሠራው እስከ 21 የጀርመን ዲግሪ ድረስ ነው ብለው ይጽፋሉ፤ ይህም ወደ 370 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ጨው ለብቻው፣ ማለቅለቂያ ፈሳሽም ለብቻው ግድ ይላል። ጽሑፉ ካርቶኑ ጀርባ ላይ አለ። የሚያነበው ነው የጠፋው።

አንድ ነገር ደግሞ በአጭሩ እንበል። «ላርጎ» የምንለው የእጅ ሰሐን ማጠቢያ በማሽን ውስጥ አይገባም። የተሠራው አረፋ እንዲያወጣ ነው። የማሽን ሳሙና የሚሠራው ደግሞ አረፋ እንዳያወጣ ነው። አረፋ የሞላው ማሽን ውሃውን በኃይል መርጨት ያቅተዋል፤ ወለሉንም ያጥለቀልቃል። የልብስ ኦሞም እንዲሁ ነው።

በካርቶኑ ውስጥ ያለው

የማሽን ሳሙና ስሙ ሳሙና ይባል እንጂ በውስጡ ያለው የሥራ ክፍፍል ነው። ሶዳው ቅባቱን ይቆርጣል። ፕሮቲኤዝ የሚባለው ኢንዛይም የእንቁላልና የሥጋ ቅሪት ይበላል። አሚሌዝ የሚባለው ስታርች ይበላል። ፐርካርቦኔት የሚባለው ኦክስጅን እየለቀቀ የሻይና የቡና እድፍ ያነጣል። ሲትሬትና መሰሎቹ ኖራውን ይዘው እንዳይለጠፍ ያደርጋሉ። ማለቅለቂያው ፈሳሽ ደግሞ ውሃው በጠብታ ሳይቆም እንደ ስስ ሽፋን ተንሸራቶ እንዲወርድ ያደርጋል። ነጠብጣብ አልባ ብርጭቆ የሚገኘው ከዚህ ከመጨረሻው ነው፤ ብዙ ገዢ ግን ይህንኑ «ትርፍ ወጪ» ብሎ ይተወዋል።

ይህን ወደ እኛ ማዕድ እናምጣው። የሽሮና የእንጀራ ቅሪት ስታርች አለበት፤ ደርቆ ከተጋገረ አሚሌዝ የሌለው ሳሙና አይፈታውም። የወጥ ቅቤ ሙቀትና ሶዳ ይፈልጋል፤ በ45 ዲግሪ «ኢኮኖሚ» ዙር የታጠበ የቅቤ ድስት ቅባቱ ሊቀርበት ይችላል። የበርበሬ ቀለም በዘይት ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ የሚያነጣ ቅመም የሌለው ሳሙና አያስለቅቀውም። የማኪያቶ ስኒና የሻይ ብርጭቆ ያለ ፐርካርቦኔት ቀስ በቀስ ይጠቁራሉ። ስለዚህ የሚገዛውን ዕቃ የንጥረ ነገር ዝርዝር አይቶ ኢንዛይም አለው ወይ፣ የሚያነጣ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጄል የሚባለው ወፍራም ፈሳሽ ውብ ነው፤ ግን ኢንዛይምና የሚያነጣ ቅመም በአንድ ፈሳሽ ውስጥ አብረው ለረጅም ጊዜ መቆየት ስለሚቸግራቸው ብዙውን ጊዜ አንዱ ይጎድለዋል። ዱቄትና ታብሌት ሁለቱንም ይይዛሉ። ዱቄት ሌላ ጥቅምም አለው፤ እንደ ውሃውና እንደ ቆሻሻው መጠኑ ይቀነሳል፣ ይጨመራል። ለስላሳ ውሃ ላላቸው ሠፈሮች ይህ ብርጭቆ ማዳኛ ነው።

ማሽን የማይገባውንም ሻጩ ቢናገር መልካም ነው። አሉሚኒየም ድስት በሶዳው ይጠቁራል። ሸክላ ድስትና ጀበና ውሃውን ከነሳሙናው ይመጣሉ። አንገተ ጠባቡ ብርሌም የሚረጨው ውሃ በቀላሉ አይደርስለትም፤ እሱ የእጅ ነው።

የፎስፌት ነገር

ቀድሞ ነገር ቀላል ነበር። ትሪፖሊፎስፌት የሚባለው ቅመም ኖራውን አጥብቆ ይይዝ፣ ቅባቱንም ያነሳ ስለነበር ሁሉም ሳሙና ማለት ይቻላል ይህንኑ ነበር የሚይዘው። ችግሩ የመጣው ከፍሳሹ ነው። ፎስፈረስ ወንዝና ሐይቅ ሲገባ አልጌና አረም ያሰባል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የስፖኬን አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ሲከለክለው፣ ነዋሪዎች ብርጭቆአችን አልጠራ አለ ብለው ድንበር ተሻግረው ከአይዳሆ ሲገዙ እንደነበር በጊዜው ጋዜጦች ጽፈውታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከደርዘን በላይ የአሜሪካ ግዛቶች ተከተሉ። የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለቤት ማሽን ሳሙና በአንድ ዙር ከ0.3 ግራም በላይ ፎስፈረስ እንዳይኖር ገደበ።

ይህ ለእኛ ነጋዴ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ በአንድ የንግድ ምልክት ስም የሚሸጥ ዕቃ በየአገሩ ቅመሙ ይለያያል። ለአንድ አገር የተሠራው ካርቶን ለሌላ አገር ከተሠራው ጋር መልኩ ቢመሳሰልም ሥራው ላይመሳሰል ይችላል። ፕሮፎርማ ሲጠየቅ የምርቱ ስም ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩም መጠየቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ሌላ ቦታ የተከለከለ ፎስፌታም ሳሙና በርካሽ ሊቀርብ ይችላል። ብርጭቆ ያጠራል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወንዞች የሚወርደው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ነው። እምቦጭ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ጣና ላይ አይተናል። የማሽን ሳሙና ገበያ ገና ትንሽ ስለሆነ ዛሬ የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ገበያ ልማዱን የሚይዘው ትንሽ ሳለ ነው። ፎስፌት የሌለበት ሳሙና ከጨውና ከማለቅለቂያ ጋር ያንኑ ሥራ እስከሠራ ድረስ ርካሹን መንገድ የምንመርጥበት ምክንያት የለም።

ሒሳቡ በኪሎ አይደለም

ዋናው የገበያ ስሕተት ግን ከኬሚስትሪው ይልቅ ከሒሳቡ ነው። ጅምላ ገዢው በኪሎ ያወዳድራል። የሚታጠበው ግን በኪሎ አይደለም፤ በዙር ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ኪሎው 1,000 ብር የሆነ ዱቄት በዙር 40 ግራም ቢፈልግ በ25 ዙር ያልቃል፤ አንዱ ዙር 40 ብር ወጣበት ማለት ነው። ሌላው ኪሎው 1,500 ብር ሆኖ በዙር 20 ግራም ቢበቃው 50 ዙር ያጥባል፤ አንዱ ዙር 30 ብር ነው። «ውዱ» ርካሽ ሆነ። በዚህ ላይ በርካሹ ሳሙና ያልጠራ ብርጭቆ ተመልሶ ሲታጠብ 40 ብሩ 80 ይሆናል። ውሃው፣ መብራቱና የሠራተኛው ሰዓት ሳይቆጠር ማለት ነው። ለሆቴል የተሰበረው ሳይሆን ጉም የለበሰው ብርጭቆም ኪሳራ ነው፤ እንግዳ ፊት አይቀርብምና።

ርካሹ ዱቄት ለምን ብዙ ይፈልጋል? ኖራ የሚይዘው ቅመም ውድ ስለሆነ ይቀነስና ሶዳና መሙያ ጨው ይበዛበታል። ሶዳ ብቻውን ጠንካራ ውሃ ውስጥ ሲገባ ኖራውን ከውሃው ለይቶ ይጥለዋል። ስለዚህ ጠንካራ ውሃ ላይ ነጩን ጉም የሚያመጣው ራሱ ርካሹ ሳሙና ሊሆን ይችላል።

ማንኛውም ገዢ ከመፈረሙ በፊት ፈተና ይጠይቅ። አሥር አዲስ ብርጭቆ፣ በራሱ ማሽን፣ በራሱ ውሃ። አንድ ጊዜ አጥቦ ማየት አይበቃም፤ ጉሙ የሚከማች ነገር ነውና ከ20 እስከ 30 ዙር ይታጠብ። ከዚያ ብርጭቆዎቹ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይደርደሩና በብርሃን ይታዩ። የራሱን ዕቃ የሚያምን ሻጭ ይህን ፈተና አይፈራም።

አስመጪው ምን ይጠበቅበታል?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ዓ.ም. 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ታግዶ ነበር። እገዳው የተነሳው በሐምሌ 2024 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ዶላር ማግኘቱ ቢቀልም ዶላሩ የሚጠይቀው ብር ጨምሯል። በዚህ ዋጋ የተገዛ ኮንቴይነር መጋዘን ውስጥ ደርቆ ሲቀር የሚያመው አስመጪውን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ አየር በአየር የለመደው ነጋዴ በዚህ ዕቃ ላይ ቆም ይበል። ዕቃው የሚበላሽ ነው። ኢንዛይምና የሚያነጣው ቅመም ሙቀትና እርጥበት ላይ ኃይላቸውን ያጣሉ። ዱቄቱ ይጋገራል፤ ታብሌቱ የተጠቀለለበት ውሃ የሚያሟሟው ስስ ፕላስቲክ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በጅቡቲ ሙቀት ወራት የቆመ ኮንቴይነር ሲከፈት ካርቶኑ ደህና መስሎ ውስጡ የደከመ ሊሆን ይችላል። የተመረተበትን ቀን ሳያዩ «ቅናሽ ነው» ብሎ መግዛት የሌላውን መጋዘን ማጽዳት ነው።

በቀረጥ ታሪፍ በኩል ለችርቻሮ የታሸገው የማጠቢያ ዝግጅት በምዕራፍ 34፣ ቁጥር 34.02 ሥር ይመደባል፤ ማሽኑ ራሱ በ84.22 ሥር ነው። የሆቴሉ ኮስቲክ ፈሳሽ ደግሞ በመጓጓዣ ሕግ ቆዳ የሚያቃጥል፣ ማለት የክፍል 8 አደገኛ ጭነት ነው። ከምግብ ጋር አይጫንም፤ ሰነዱም የተለየ ነው። ይህን ሳያውቅ ከታብሌት ጋር ደባልቆ ያስጫነ ሰው ወደብ ላይ ይጠየቃል።

ከሁሉም በላይ ግን የአማርኛ ጽሑፍ ይለጠፍበት። በየሆቴሉ ጓዳ ጀሪካኑን የምትቀይረው እህት በጀርመንኛ ወይም በቱርክኛ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ አይጠበቅባትም። «ጓንት አድርጉ፣ ዓይን ከነካ በብዙ ውሃ እጠቡ፣ ከበረኪናና ከአሲድ ጋር አትደባልቁ፣ ከሕፃናት አርቁ» የሚል አንድ ወረቀት ከኮንቴይነሩ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም። ማለቅለቂያው ብዙ ጊዜ አሲድነት አለው፤ የሆቴሉ ሳሙና ደግሞ ብዙ ጊዜ ክሎሪን አለበት። ሁለቱ በአንድ ባልዲ ውስጥ ከተገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ይህን መጻፍ ቸርነት አይደለም፤ ግዴታ ነው።

ዕድሉ የት ነው?

«ገበያው ትንሽ ነው፤ የሰው ጉልበት ርካሽ በሆነበት አገር ማን ማሽን ይገዛል?» የሚል አለ። እውነት አለው። ግን ታሪኩን ልብ ይሏል። ጆሴፊን ኮክሬን የተባለች አሜሪካዊት የሰሐን ማጠቢያ ማሽኗን እ.ኤ.አ. በ1886 ዓ.ም. በፓተንት ስታስመዘግብና በ1893 ዓ.ም. በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ስታቀርብ የገዟት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ። የቤት እመቤቶች የደረሱት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የእኛም ገበያ በዚያው መንገድ እየሄደ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ዘመናዊ የቤት ማሽን ለአንድ ሙሉ ዙር ከ10 እስከ 15 ሊትር ብቻ መጠቀሙ ራሱን የቻለ መከራከሪያ ነው።

ለኢንቨስተሩ የምንጠቁመው ከታብሌቱ ይልቅ ጨውን ነው። የማሽን ጨው ንጹሕና ጠጠር መሆን አለበት። የገበታው ጨው ደቃቅ ስለሆነ ማለስለሻውን ይደፍናል፤ የተቀላቀለበት ነገርም አይስማማውም። ከአፍዴራ የሚወጣውን ጨው አጥርቶ፣ አጠጥሮና በንጹሕ ከረጢት አሽጎ የሚያቀርብ ድርጅት ከውጭ የሚገባውን ሊተካ ይችላል። የዚህ ጨው ገዢ የቤት ማሽን ብቻ አይደለም፤ ውሃ ማለስለሻ ያለው ሆቴል፣ ላውንደሪና የእንፋሎት ማሞቂያ ያለው ፋብሪካ ሁሉ ነው። ዱቄቱንም በአገር ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ዋናው ጥሬ ዕቃ ሶዳ አሽ ነው፤ ከአብጃታ ሐይቅ ሲመረት ኖሯል። ነገር ግን ሐይቁ መሸሹን ያየ ሰው ይህን ሀብት ያለ ገደብ አይመኝም፤ ከላይ እንዳልነውም ሶዳ ብቻውን ሳሙና አይሆንም። ኖራ የሚይዘውን ቅመምና ኢንዛይሙን ከውጭ አስገብቶ፣ ለድሬዳዋ አንድ ዓይነት፣ ለአዲስ አበባ ሌላ ዓይነት ቀምሞ የሚያወጣ ፋብሪካ ግን የውጭው ካርቶን የማይሰጠውን ይሰጣል።

እስከዚያው ድረስ ነጋዴው ዛሬውኑ ማድረግ የሚችለው አለ። ሳሙናን ለብቻው አይሽጥ። ጨውን፣ ማለቅለቂያውንና የውሃ መመርመሪያ ወረቀቱን አብሮ ይሽጥ። ደንበኛውን «ስንት ካርቶን?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ውሃዎ ከየት ነው? ማሽንዎ የጨው ቦታ አለው?» ብሎ ይጠይቅ። ገዢውም እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከማይጠይቀው ሻጭ አይግዛ። ይህ ልማድ ሲሆን ፎርጅዱም፣ ርካሹም፣ ጊዜው ያለፈበትም ዕቃ መደርደሪያ ላይ የሚቆይበት ምክንያት ያጣል።